ወዴት ትስባለች?

ባለፈው ዓርብ በቆጂ ላይ የሆንኩትን ልንገራችሁ... ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን ትንሽ እዘኑልኝ።

አሰላ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ። ሰው በትርፍ ጊዜው ኳስ ያያል፣ እኔ አሮጌ የመለማመጃ ጠመንጃ ነው የምወደው። ድሮ ምልምል ወታደር ዒላማ ይማርባት የነበረችው፣ ጥይቷ የጣት አንጓ የማታክል፣ አንድ ብቻ የምትጎርስ ቀጭን ጠመንጃ። አንድ ተኩሶ፣ ቀለሃዋን አውጥቶ፣ ሌላ ማጉረስ ነው።

አንዷን ከአባቴ ወርሻለሁ፣ ፈቃድም አላት። ሰደፏ ግን ስለተሰነጠቀ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ አስሬዋለሁ። ጣሳ አስቀምጬ ስተኩስ ጥይቷ ሁሌም በግራ በኩል ታልፋለች። ስንጥቁ ነው እላለሁ። ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም ስንጥቁ ነው እላለሁ።

የዚህች ጠመንጃ እህት በቆጂ ጋሽ ለማ ቤት አለች። ጋሽ ለማ በጉብዝናቸው ጊዜ ምልምል ያሰለጥኑ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠመንጃዋንም በዒላማ ውድድር አሸንፈው የተሸለሟት ናት። ሰደፏ ላይ አንድ ጭረት የለም። እንጨቱ ራሱ ያበራል። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀናሁባቸው... በሽታ በሉት። በየሁለት ወሩ ሰበብ ፈልጌ እሄዳለሁ፣ ልወልውልዎት ብዬ እቀበላቸዋለሁ፣ ወልውዬ ስመልስ እጄ አልለቅ ይላል። የሰው ሚስት የተመኘ እንኳ እንደኔ አይሰቃይም።

ዘንድሮ ደወሉልኝ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ለሚገባው ሰው ሊሰጧት ነው። እንደ ልጅ ዘለልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ... ፈቃድ ለአንድ ሰው አንድ ነው። የአባቴን ደግሞ አልጥልም።

ያኔ ነው ያቺን ብልጠት ያሰብኩት። ባለቤቴ ጽጌ ልብስ ሰፊ ናት። ጠመንጃ ነክታ አታውቅም። በሷ ስም ፈቃድ እናውጣና ጠመንጃዋ ቤት ትግባ አልኳት።

«በስሜ ከሆነ የኔ ናት» አለች ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

ፈቃዱ ተገኘና ዓርብ ጠዋት ሁለታችን በቆጂ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ስለ ጠመንጃዋ ሳስረዳት፣ ጽጌ አንዴ መስኮቱን አንዴ እኔን እያየች ትሰማለች።

ጋሽ ለማ ካፖርታቸውን ደርበው ከገብሱ ማሳ ጀርባ ወዳለው ጎድጓዳ ቦታ ወሰዱን። አፈሩን ተደግፎ የቲማቲም ጣሳ ቆሟል። ሲተኩስ ላላዩት ሰው እንደማይሰጡ ነገሩን። ጥይቷ እንደ ልብ ስለማትገኝ ለዛሬ ያላቸው ሁለት ብቻ ነው።

«ወረቀቱ ላይ ስሟ ያለው ትተኩስ» አሉ።

መጀመሪያ እንዴት እንደሆነ ላሳያት ብዬ ተሽቀዳደምኩ። እሳቸውም ሰጡኝ። ያቺ ያለምኳት ሰደፍ ትከሻዬ ላይ ስታርፍ እንባዬ ሊመጣ ነበር። አነጣጠርኩ፣ ቃታውን ሳብኩ...

አቧራው ከጣሳው በስተግራ ብድግ አለ።

ጽጌ ተራዋ ሲደርስ ጠመንጃዋን ተቀበለችና አገላብጣ አየቻት። ከዚያ እኔን ሳይሆን እሳቸውን ጠየቀች።

«አባባ፣ የኔ የስፌት መኪና ጨርቅ ወደ ግራ ትስብብኛለች፣ አውቄ ወደ ቀኝ እይዝላታለሁ። ይቺስ ወዴት ትስባለች?»

የሽማግሌው ፊት እንዲህ ሲፈካ በሰባት ዓመት ውስጥ አይቼው አላውቅም።

«ኮቱ፣ ኢንተለ ኮ... ነይ ልጄ» ብለው አጠገቧ ቆሙ። «እሷም ወደ ግራ ናት። ከጣሳው በስተቀኝ አንድ ጣት ያህል ያዢላት።»

መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እንደምታደርገው ትንፋሿን ያዘች። ጣሳው ተፈነቀለ።

አልዋሻችሁም፣ በሚስቴ ቀናሁ። ጣሳውን ከመምታቷ ይልቅ ደግሞ «ልጄ» በመባሏ ቀናሁ፣ እኔን እስከ ዛሬ «ጎሚስታው» ነው የሚሉኝ።

ለምን ለኔ አልነገሩኝም አልኳቸው፣ መጫወቻውን እንደ ተቀማ ልጅ።

«መቼ ጠየቅከኝ?» አሉኝ በእርጋታ። «ሰባት ዓመት ሙሉ የምታወራው አንተ ነበርክ።»

ያን ዕለት ወረዳ ሄደን ስሙ ዞረ፣ ጠመንጃዋም ቤታችን ገባች። ልወልውላት ብዬ እጄን ስዘረጋ ጽጌ ታጠብ አለችኝ፣ የጎማ ጥቁረት አለብህ። ጋሽ ለማም በኔው ስልክ ይደውሉና ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ ጽጌን አገናኘኝ ይላሉ። ሰባት ዓመት የተመላለስኩት እኔ፣ የሚናፍቁት እሷን።

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ የአባቴን ጠመንጃ ይዤ ሁልጊዜ ወደምተኩስበት ጎድጓዳ ቦታ ከጽጌ ጋር ሄድኩ። በጨዋ ደንብ ለመንኳት። አንዴ ተኩሰሽ ስንጥቁ ምን ያህል ወደ ግራ እንደሚስባት ንገሪኝ፣ እኔም እንዳንቺ አካክሼ ልያዝ።

ሰደፉን አየች፣ የከመነዳሪውን እስር ዳበሰች፣ መሀል ለመሀል አነጣጠረች። ጣሳው ከነአፈሩ ተፈነቀለ።

ጠመንጃዬን መልሳ ሰጠችኝ። ልትስቅ ፈልጋ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«ይቺ የትም አትስብም፣ ደሬ። ቀጥ ያለች ናት።»

ስንጥቁን በከመነዳሪ ሳስር የኖርኩት በከንቱ ነው... ወደ ግራ የምስበው እኔው ነኝ፣ መታሰር የነበረብኝም እኔ።