የፍልሰታ ሙላህ

ደርቆ የተፈጨ ባሚያ፣ እዚህ ሱዳን ወይካ የምንለው፣ በሰሊጥ ዘይት በተቁላላ ሽንኩርት ላይ ሲበተን ዝናብ የመታው ገለባ ይሸታል። ባለፈው ገዳሪፍ ሎሪ ማቆሚያው ጋ ከገላባት የመጣ አንድ የጎንደር ልጅ አፍንጫውን ይዞ፣ እዚህ አገር ሰው የሚበላው ነገር የለም እንዴ አለኝ። በጥፊ ልለው ነበር። እሱ እትዬ ደብሬን የት ያውቃታል!

እትዬ ደብሬ እዚያው ማቆሚያው አጠገብ የሣር ዳስ ነበረቻት፤ ራኩባ ነው የምንለው። የኛ ቤት ከጀርባዋ ነበር። በረሃቡ ጊዜ ከጎንደር የመጣች፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት ናት። ከዚያ የመጣ መንገደኛ ሁሉ የሱዳንን ምግብ መጀመሪያ የቀመሰው በሷ እጅ ነው። ለጠማው ጎንጎሌስ ትቀዳለታለች፤ ዲማ የሚባለው ግንደ ወፍራም የበረሃ ዛፍ ፍሬ ተዘፍዝፎ የሚወጣ ነጭ ጎምዛዛ መጠጥ ነው። ለራበው አሲዳ፣ የማሽላ ገንፎ ማለት ነው፣ መሃሉ ላይ ሙላህ የሚባለው ወጥ ተደፍቶበት። አልነካም ያለውን፣ "ያለ ፓስፖርት ድንበር ተሻግረህ ገንፎ ትፈራለህ?" ትለዋለች። አፍሮ ይበላል።

አረም ሊያርሙ የሚመጡት ክርስቲያኖች ግን የሚደርሱት ፍልሰታ ላይ ነው። ሌላውን ጾም የሚሽር ሰው እንኳ ፍልሰታን አይሽርም። ያን ሰሞን በእትዬ ደብሬ ድስት ውስጥ ሥጋ አይገባም። ሰዎቹም ሳይጠይቁ ይበላሉ፣ ያምኗታል።

አንድ ክረምት ከዳርፉር ጦርነት የሸሸች ሐጃ አምና የምትባል አሮጊት ማቆሚያው ላይ ዝናብ ሲወርድባት እትዬ ደብሬ አገኘቻትና አስገባቻት። አብረው ይተኛሉ፣ አብረው ያበስላሉ። በፍልሰታ እትዬ ደብሬ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ አንድ ሎሪ በዝናብ የበሰበሱ አራሚዎች አራገፈ። በሐጃ አምና አገር ለመንገደኛ ሥጋ የሌለው ሙላህ ማቅረብ ነውር ነው። ስለጾሙ ማንም አልነገራት። ለራሷ ያስቀመጠቻትን ቋንጣ አውጥታ፣ እንደ ዱቄት አልማ ወጥቃ፣ ወጡ ውስጥ ጨመረቻት። ጣታቸውን እየላሱ በሉ። እሷም ደስ ብሏት የተረፈችውን ቋንጣ ይዛ ወጣችና አሳየቻቸው።

አንዱ ወደ ውጭ ሮጦ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከተተ። ለሥራ አሰባስቦ ያመጣቸው ወኪላቸው፣ አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ ሰውዬ፣ ሳህኑን መሬት ላይ ወረወረው። ሐጃ አምና በዓረብኛ ጨው በዛበት እንዴ እያለች አንድ በአንድ ትጠይቃቸዋለች።

እትዬ ደብሬ ነጠላዋ ረጥቦ ደረሰች። ወኪሉ ዛሬውኑ ካላባረርሻት የጎንደር ሰው ከእንግዲህ ደጅሽን አይረግጥም አላት። እኛ ሁላችን ታባርራታለች ብለን ነበር። የምትኖረው በነሱ ነዋ።

"ያላትን ነው ያበላቻችሁ" አለች። "ስለ ጾማችሁ ለቄሱ እኔ እናገራለሁ። እሷን ግን ዝናብ ላይ አላወጣም።"

እውነትም አልረገጡም። ማዶ ሌላ ቤት መብላት ጀመሩ። የእትዬ ደብሬ ትልቁ ድስት ተደፍቶ ተቀመጠ፤ በትንሿ ታበስላለች፣ የሷም ወጥ ሳይበላ ያድራል። ጾሙ ለነሱም ከአገራቸው የቀራቸው ብቸኛ ነገር እንደነበር አውቃለሁ። ግን ያቃጥለኛል። መንገድ ላይ ለሽፍታው አንገቱን የሚደፋ፣ ለፖሊሱ አንገቱን የሚደፋ ሰው ሁሉ አንዲት አሮጊት ላይ ሲሆን አንበሳ! እናቴ እንኳ ወሬ ፈርታ ከእትዬ ደብሬ ጋር መላላኩን ትታ ነበር። እትዬ ደብሬን ወባ ሲጥላት ሐጃ አምና ናት ያስታመመቻት። ሞታ ስትቀበር የመጣው ሰው አስከሬኑን ለመሸከም እንኳ አልበቃም፤ ሙስሊም ሾፌሮች አገዙን።

አሁን ራኩባውን የያዘችው ሐጃ አምና ናት። ደንበኛዋ ደግሞ ከካርቱም ጦርነት የሸሸ ሰው ነው፣ ሥጋ ይወዳል። ክረምቱ ሲገባ ትጠራኝና ጾማችሁ ገባ ወይ ትለኛለች። እኔ እንኳን ዓርብን ፍልሰታንም አልጾም። ጠይቄ እመጣና ገብቷል እላታለሁ። ከዚያ ቋንጣውን ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች፤ ለማንም አታወጣውም። ሥጋ የለም እንዴ ብሎ የጮኸባትን ቀና ብላ ሳታየው ትመልስለታለች።

"የደብሬ ጾም ነው።"