የላስትሪ የፊት ፍሬን

ነንጋ ሱክራ ሞተሩ ገና ከመታጠፊያው ሳይወጣ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን የሚናገር መካኒክ ነው። ጋራዡና የእኔ የሙዝ ጥብስ ቤት በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰኑ ሃያ ዓመት ሙሉ ጉራውን ጠጥቻለሁ። «ያ የሰንሰለት ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የባለቤቱ ስንፍና ነው» ይላል። አይሳሳትም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። በዚያ ሳምንት ግን ይህ ባለሙያ በገዛ ልጁ ሞተር ፊት ቁጢጥ ብሎ ሲቁለጨለጭ አየሁት፤ አንጀቴን በላው።

ልጁ ላስትሪ አዋላጅ ናት። ጤና ጣቢያው ከመንደራችን ቁልቁል ነው። መንገዱ ጠባብ፣ አንዱ ጎኑ የሩዝ ማሳ፣ ሌላው ጎኑ ገደል ነው። የፊት ፍሬን የሌለው ሰው እዚያ አይወርድም።

ቱምፐክ ላንደፕ የብረት በዓላችን ነው። ጩቤውም፣ ማጭዱም፣ ሞተሩም ታጥቦ አበባና ጠበል ያገኛል። ላስትሪ በበዓሉ ማግስት ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የፍሬኑን እጀታ ብትጨብጥ፣ ሞተሩ እንዳልሰማ አለፈ። በእግር ፍሬኑ ተንሸራታ እግዜር ሲላት ወደ ማሳው በኩል ወደቀች። ክርኗ ተልጦ፣ ጭቃ ለብሳ፣ ሞተሩን እየገፋች ተመለሰች።

«አባባ፣ ፍሬኑ የለም» አለች።

ነንጋ መጀመሪያ ጭቃውን በሳሙና አጠበ። እጀታውን ጨበጠው፤ ጠንካራ ነው፣ አየር አልገባም። የፍሬን ዘይቱ አልጎደለም፣ ቱቦው አያፈስም፣ ፒስተኑ ይገፋል፣ የፍሬን ሸራውም አላለቀም። ሁሉ ነገር ጤነኛ! ጎማውን አንስቶ እያሽከረከረ ሲይዘው ግን ዲስኩ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ በሸራዎቹ መሃል ሙልጭ እያለ ያልፋል።

«ዘይት ነክቶታል። ግን ከየት መጣ?» አለ።

ከአሞርዛተሩ ይሆናል ብሎ ፈታው፤ ደረቅ ነው። ቢጨንቀው ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ ቀየረው። አዲስ ሸራ ገጠመ፣ ዲስኩን በቤንዚን ጠረገ፣ ቁልቁለቱንም ራሱ ወርዶ ሞከረው። ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያዘ።

«ለበዓሉ ስታጸዳው በዚያ በቅባታም እጅህ ነካክተኸው ነው» አልኩት።

«አንቺ ሙዝሽን ጥበሺ!» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን መዳፎቹን እያገላበጠ ሲያያቸው፣ ምነው አፌን በቆረጠው አልኩ።

በነጋታው ላስትሪ ከመነሳቷ በፊት ግቢ ውስጥ ሞከረው። ፍሬኑ እንደገና የለም። ላስትሪ ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀቻት ስለነበር በሰው ሞተር ተፈናጥጣ ሄደች። ነንጋ አመዱ ቡን ብሎ ቀረ። ለወሬ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዱ የገደሉ መንፈስ ነው ሲል፣ ሌላው በበዓሉ ቀን አንድ ነገር አጓድላችኋል አለ። ሁላችንም ፔካክ፣ አያት፣ የምንላቸው የነንጋ አባት ሙርጃም በረንዳቸው ላይ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። የቤተሰቡን ውርስ ጩቤ የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው፤ ላስትሪን ደግሞ እንደ ነፍሳቸው ይወዷታል።

ነንጋ በዚህ ጊዜ ሳያጥብ ሸራውን አወጣ። አሸተተው። መልሶ አሸተተውና ወደ እኔ መጣ።

«እስቲ አሽቺው።»

የሰንደል ዘይት ነው። መንደሩ ውስጥ የሰንደል ዘይት ያለው አንድ ቤት ነው፤ የውርስ ጩቤው የሚቀባበት ቤት። ሁለታችንም ቀና ብለን በረንዳውን አየን።

«በል ንገራቸው» አልኩት።

«ምን ብዬ? ልጄን ሊገድሏት ነበር ልበል?»

«ዝም አይነቅዝም ብለህ ልትቀመጥ ነው? ነገ ገደሉ ጋ ብትደርስስ?»

እሱ ግን ሸራውን ቀይሮ፣ ዲስኩን ጠርጎ፣ ሞተሩን በሞተር ልብስ ሸፍኖ ጥግ አስያዘው። ከሽማግሌ ጋር መነጋገር ያቃተው ሰው ይህን ዘዴ ብሎ አረፈው። ተናደድኩበት። እኔስ ብሆን እነግራቸው ነበር? እንጃ።

ሲነጋ፣ ነንጋና እኔ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ሆነን፣ ፔካክ ሙርጃ ነጭ መቀነታቸውን ታጥቀው፣ በአንድ እጃቸው ትንሽ የዘይት ብርጭቆ፣ በሌላው ጥጥ ይዘው ወጡ። ልብሱን ገለጡና ተንበርክከው ዲስኩን ቀስ እያሉ ይቀቡት ጀመር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«አባባ፣ ተዉት» አለ ነንጋ።

«ከሞተሩ ሁሉ እንደ ምላጭ የሚያበራው ይሄ ነው። ብረት ካልቀቡት ያኮርፋል። ጩቤውን ስቀባ አብሬ ቀባሁት፤ ሳሳሁበት መሰለኝ ልጅቷን ጣላት። ትናንት ማለዳ ደገምኩለት፤ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት እቀባዋለሁ፣ አንተ አታስብ።»

«አባባ… ፍሬን የሚይዘው ይሄ ብረት ሲደርቅ ነው። ዘይት ከነካው ያንሸራትታል።»

ሽማግሌው ጥጡን አዩት፤ ብርጭቆውን አዩት። ላስትሪ ሄልሜቷን ይዛ ከበሩ ላይ ቆማለች።

«የጣልኳት እኔ ነኝ?»

ላስትሪ «ፔካክ…» ብላ አንድ እርምጃ ቀረበች።

ሽማግሌው ማንንም አላዩም። የሽርጣቸውን ጫፍ ሰብስበው ዲስኩን ይጠርጉት ጀመር፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። «ይኸው ጠረግኩት፣ ይኸው ለቀቀ» ይላሉ። በጠረጉት ቁጥር ዘይቱ እየሰፋ ዲስኩን ሁሉ አለበሰው። ሦስታችን ቆመን አየናቸው፤ እጃቸውን ለመያዝ የደፈረ ግን አልነበረም።