በሰው በረንዳ ላይ መጥረጊያ የያዘ ሰው

ቬርና ሁለት ፎጣ ለማስጣት ግማሽ ቀን አይበቃትም። ፎጣው እስኪሰጣ ሻይ ይፈላል፣ ሻዩ እስኪበርድ ባሕሩ ይታያል፣ ባሕር እያዩ ደግሞ ማን ይቸኩላል? ባሏ ሲሞት የአደሌድን ከተማ ጥላ ከባሕሩ ዳርቻ ያለችው የቆርቆሮ ቤታቸው ውስጥ ጠቅልላ ገባች። መጋረጃውን ከአሮጌ የጀልባ ሸራ ሰፋች፣ ወንበሮቹን በየበጋው ሰማያዊ ትቀባለች። ከዚህች ቤት ሌላ የኔ የምትለው የላትም። ስለዚህ ወደ ቤቷ አተኩሮ ያየ ሁሉ፣ የባሕር ወፍም ቢሆን፣ ተጠርጣሪ ነው።

የዚያ በጋ ተጠርጣሪ ክላይቭ ነበር፤ አጠገቧ ያለውን ቤት በጸደይ የገዛ ጡረተኛ አውቶቡስ ነጂ። ቬርና ጠዋት ዋኝታ ስትመለስ እሱ መጥረጊያ ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ ታያለች፤ በረንዳዋ ተጠርጎ ታገኘዋለች። የተጠረገ ብቻ ሳይሆን፣ ቀዶ ጥገና ሊደረግበት የተሰናዳ ይመስላል። በዚያ መንደር በበጋ በረንዳ የሚጠርግ ሰው የለም፤ አሸዋው ራሱ መጥቶ ራሱ ይሄዳል ተብሎ ነው የሚታመነው።

ዳቦ ለምትሸጠው ለሎይስ ነገረቻት። ሎይስ «ሰውዬው ወዶሽ ይሆናል» አለቻት።

«በመጥረጊያ?» አለች ቬርና። «እኔን ሳይሆን ቤቴን ነው የወደደው። አንድ ቀን ዋኝቼ ስመለስ አልጋዬ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ።»

በማግስቱ ከመስኮት ስታይ ክላይቭ የግድግዳዋን ሥር በጣቱ ሲለካ ያዘችው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ከዓይኗ ራቀ። በሦስተኛው ቀን የመዋኛ ኮፍያዋን አድርጋ ለመንደሩ ሁሉ እየታየች ወደ ውኃው ወረደች፤ ከዚያ በጎን ዞራ ከዝናብ ውኃ በርሜሉ ጀርባ አደፈጠች። ክላይቭ መጣ። ዛሬ መጥረጊያ ብቻ አይደለም፤ አካፋና የእጅ ጋሪም ይዟል።

«አሸዋዬን ወዴት ነው የምትወስደው?» አለችው ብቅ ብላ።

ሰውዬው አካፋውን ጣለ። «የእርስዎ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «የኔ ነው።»

ከራሱ ቤት ጀርባ ወስዶ አሳያት። አሸዋውን ይዞ የኖረው ቁጥቋጦ ከሥሩ ተመንጥሯል፤ የአሸዋው ኮረብታ ራሰ በራ ሆኗል። ነፋሱ በነፈሰ ቁጥር አሸዋው እየተነሣ ወደ ቬርና ጓሮና በረንዳ ይሄዳል። እሷ ዞር ብላ የማታየው የኋላ ግድግዳዋ እስከ ጉልበት ተቀብሯል። በዚያ መንደር የጎረቤት ሚስት የነካ ይቅርታ ሊያገኝ ይችላል፤ የአሸዋ ቁጥቋጦ የነካ ግን ሰላምታም አያገኝም።

«ዕቃ ሳጥብ ባሕሩ እንዲታየኝ ብዬ ነው የመነጠርኩት» አለ። «አላወቅኩም። ካወቅኩ በኋላ ደግሞ ፈራሁዎት።»

ቬርና ግድግዳዋን ዳሰሰች። ሁለት ክረምት እንደዚህ ከነፈሰ ቤቷ ከነመጋረጃዋ ከአሸዋ በታች ናት። መሳደብ አማራት፤ ግን ሄዳ ጋሪው ላይ ተቀመጠች።

«አረም» አለች በመጨረሻ። «ባሕሩ የተፋውን አረም ሁሉ ሰብስበህ ኮረብታውን ታለብሰዋለህ። ከዚያ ችግኝ ትተክላለህ፤ መስኮትህ እስኪጋረድ።»

«እስኪጋረድ?»

«ዕቃህን ግድግዳ እያየህ ታጥባለህ።»

ጥር ሙሉ ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሐብሐብ ሲበላ ክላይቭ የገማ አረም ሲገፋ ዋለ። ሽታው መርከብ አቅጣጫ ያስቀይራል ይባል ነበር። ቬርና ሰማያዊ ወንበሯን አውጥታ ትቆጣጠረዋለች፤ በራሱ መስኮት ፊት ለፊት ባሕሩ እንዳይጋረድበት ስስ አድርጎ እንደሚያለብስ እርግጠኛ ነበረች። አንድ ቀን እሱ ገበያ ሲሄድ በዱላ እየወጋች መረመረች። እንዲያውም እዚያ ነበር አረሙ ከሁሉ የወፈረው።

ይሄ የባሰ አሳሰባት። ይህን ያህል ቅን የሚሆን ሰው ምን ፈልጎ ነው?

ከገበያ ሲመለስ ሻይ ወሰደችለት፤ ተቀመጥ አለችው፤ እሷም እጆቹ በደንብ የሚታዩበት ቦታ መርጣ ተቀመጠች።