ሐዘንተኛ ላጪው ጋሽ ዘለቀ እና የሳሙና ቁም ሣጥናቸው

ነገሌ ላላችሁ፣ ከነገሌም ወጥታችሁ በየአገሩ ለተበተናችሁ፣ ጋሽ ዘለቀን ለምታውቁ ሁሉ። ጋሽ ዘለቀ አርፈዋል። ታመው የተኙት ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ቀብራቸውም በደብራችን ቅጥር ግቢ ተፈጽሟል። አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ወሬውን ከእኔ ቀድሞ የነገራችሁ ሰው ከሌለ፣ እንዲህ በድንገት ስላረዳኋችሁ ይቅር በሉኝ። መርዶ መንገር አልችልበትም።

እኔ ሾፌሩ ደምሴ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ነገሌ ዶሎ፣ ነገሌ ሞያሌ፣ ነገሌ ሻሸመኔ ስል የኖርኩ፣ ከመሪ ኋላ ካልሆነ በቀር አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ይህችን ጽሑፍ እንኳ የምጽፈው ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው። አሁንም ተነሥቼ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። የዕድራችን ሰዎች «አንተ ነህ የምትቀርባቸው፤ አንተው ጻፍ» ብለው ያዘዙኝ ባይሆን ኖሮ ብዕር አላነሣም ነበር።

ጋሽ ዘለቀ ወደ ነገሌ የመጡት በወታደርነት ነው፤ በጦሩ ውስጥ ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ከመሰፋቱ በፊት ዙሪያውን መላጨት የእርሳቸው ሥራ ስለነበር ለምላጭ የተፈጠረ እጅ ነበራቸው። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን፣ ጓደኞቻቸው ጓዛቸውን እየጠቀለሉ ወደየአገራቸው ሄዱ። ጋሽ ዘለቀ ከሚሄደው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ የሚላጭበትን ሳሙና። አንዱ ግማሹ ያለቀ ሰጣቸው፣ አንዱ በቆርቆሮ ያለ፣ አንዱ በጨርቅ የተጠቀለለ ስባሪ። «ሌላው ጓደኛው ሲለየው ፎቶግራፍ ይቀበላል፤ እኔ ሽታውን ተቀበልኩ» ይሉ ነበር። እርሳቸው ግን የትም አልሄዱም። እዚሁ ጤና ጣቢያ ተቀጠሩ፣ እዚሁ አገቡ፣ እዚሁ ኤርሚያስን ወለዱ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ካረፉ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት አባትና ልጅ ብቻ ነበሩ። አባትና ልጅ፣ እንዲሁም ሳሙናው።

ሳሙናው ስል ያላያችሁት አንድ ሁለት ደርዘን እንዳይመስላችሁ። ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ የሞላ ቁም ሣጥን ነበር። የቆላው ሙቀት እንዳያደርቀውና እንዳይሰነጥቀው እያንዳንዱን በወረቀት ጠቅልለው፣ በየዘሩ ደርድረው ያስቀምጡታል። የእንጨት ዘር በአንድ በኩል፣ የአበባ ዘር በሌላ በኩል፣ የሎሚና የብርቱካን ዘር ከላይ፣ መድኃኒት መድኃኒት የሚለው ከታች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሮቹን ከፍተው ያናፍሱታል። ያን ጊዜ መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሴቶቹ «ዛሬ ጋሽ ዘለቀ ሳሙና አናፈሱ» እያሉ በበራቸው ያልፋሉ።

ከዚያ ሳሙና ብዙውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከየከተማው አንድ ይዤ ስመጣ መኪናዬን እንኳ ሳላቆም በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ምን እንደሆነ እንድነግራቸው አይፈልጉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱታል፣ ከዚያ ይፈርዱበታል። ጽጌረዳ ሲሆን፣ «ይህ ለሙሽራ እንጂ ለጺም አይሆንም»። ሜንቶል ሲሆን፣ «ይህ ወሬኛ ነው፤ ገና በር ላይ ሆኖ ይጮኻል»። አንድ ቀን ሎሚ አመጣሁላቸውና፣ «ሎሚ ቸኩሎ ይመጣል፣ ቸኩሎ ይሄዳል። ደምሴ፣ ይህ አንተ ነህ» አሉኝ። ተናደድኩ። ቡና እንኳ ሳልጠጣ ጥያቸው ሄድኩ፤ ከበስተኋላዬ ሲስቁ ይሰማኛል። ለራሳቸው ጺም ከሰንደል እንጨቱ ሌላ አይቀቡም ነበር። ሰንደል ሲሸት ጋሽ ዘለቀ መጡ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሐዘን የደረሰበት ወንድ ጺሙን እንደማይነካ ታውቃላችሁ። አርባው ሲወጣ አንድ ወዳጅ መጥቶ «በቃህ፣ ተላጭ» ይለዋል። እኛ ከተማ ያ ወዳጅ ጋሽ ዘለቀ ነበሩ። ማንም ሳይጠራቸው፣ ጠዋት፣ ሳፋቸውንና ብሩሻቸውን ይዘው፣ ከቁም ሣጥኑ አንድ ሳሙና መርጠው ይመጣሉ። ለእያንዳንዱ ሐዘንተኛ የሚመርጡት ለየቅል ነው። የላጩበትን ሳሙና ደግሞ ለሐዘንተኛው ትተው ይሄዳሉ እንጂ መልሰው ቁም ሣጥኑ ውስጥ አያስገቡትም። «ከቤቴ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ያንተ ነው» ይላሉ። ያን ያህል የሚሳሱለትን ሳሙና!

እናቴ ያረፈች ጊዜ ላጭተውኛል። አርባዋ ከመድረሱ በፊት መጥተው ቤቴ ተቀመጡ። ቆይተው ተነሡና ጓዳ ገቡ፤ የቅቤውን ቅል አሸተቱ፤ የእናቴን ጋቢ ከተሰቀለበት አውርደው አሸተቱ። እኔ በሐዘኔ ላይ ንዴት ተጨምሮብኝ፣

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አልኳቸው።

«አፍንጫዬ። የሆነ ቦታ ጥዬው ነበር» አሉ።

በአርባዋ ማግስት ይዘውት የመጡት ሳሙና ሜንቶል ነበር፤ ያ ወሬኛ ያሉት። ገና ሲቀቡኝ ዓይኔን ለበለበኝ። «ኧረ ይኼ ያቃጥላል!» ብዬ ጮኽኩ። «ያቃጥል። ደግሞ ለማልቀስ ማን ከለከለህ?» አሉኝ። አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። እርሳቸው ምላጩን ይዘው እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ላጩኝ፣ ፊቴን በፎጣ ጠረጉኝ፣ «በል መንገድህን ሂድ» አሉኝ። በማግስቱ መኪናዬን አስነሣሁ። ስንቱን እንዲህ ከሞት አፋፍ መልሰዋል! ይህን የምታነቡ እናንተም ከእነዚያ መካከል እንዳላችሁ አውቃለሁ።

ጋሽ ዘለቀ ከማረፋቸው በፊት እጄን ይዘው የነገሩኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። «ደምሴ፣ ልጄን በሐዘን አታቆይብኝ።» ይኸው አደራ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።

ኤርሚያስ እዚሁ ከተማ መምህር ነው። አባቱ ካረፉ ጀምሮ ክፍል አልገባም። አርባው ወጣ፤ ተዝካሩ ተበላ፤ ልጁ ግን ጺሙ እንዳለ ነው። ያንን የተዘጋ ቁም ሣጥን ፊት ለፊት እያየ ይውላል። እህል ስናቀርብለት ይነካካውና ይተወዋል። ተማሪዎቹ መጥተው በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ። ሰውነቱ እያለቀ ሲሄድ እያየሁ እንዴት ልቀመጥ? «ልጄ፣ ጊዜው ደርሷል፤ ተላጭ» ስለው፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ሰውን ሁሉ ሲላጭ የኖረው አባዬ ነው። እኔን ማን ይላጨኛል?» አለኝ። ምን ይዋጠኝ!

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? እኛም የዕድሩ ሰዎች ተማከርንና አንድ ጥበብ አገኘን። «አባቱ ከሁሉ አስበልጠው በሚወዱት ሳሙና እንላጨው፤ ክብርም ይሆናል፣ ልጁም ይጽናናል» አልን። ሁላችንም ተስማማን፤ አንድ እንኳ ‹ተው› የሚል ሰው አልተገኘም። ሳፋ፣ ፎጣ፣ ሙቅ ውኃ ይዘን ተሰልፈን ሄድን። ልጁም ስለ ብዛታችን አፍሮ ተቀመጠ። ብሩሹን በሰንደሉ ሳሙና ላይ አዙሬ አረፋውን ጉንጩ ላይ ሳሳርፍ ልጁ ሽታውን አንድ ጊዜ ማገ። ከዚያ ሳፋውን በእግሩ ደፍቶ፣ አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ፣ እየጮኸ ወደ ጓሮ ሮጠ። እኛ ሽማግሌዎቹ በፈሰሰው ውኃ ላይ ቆመን ቀረን።

ከእኛ ጋር የጋሽ ዘለቀ ጎረቤት ኦቦ ጃርሶ ነበሩ፤ ከአሬሮ ከብት እያመጡ የሚነግዱት። ራሳቸውን ይዘው፣ «ያ ዋቅ! አምላኬ! ደምሴ፣ ሰውዬውን እኮ ልጁ ፊት ላይ ቀባኸው!» አሉኝ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩ፤ ጮኼባቸው ነበር።

«ወንድሜ የሞተ ጊዜ ዘለቀ ቤቴ መጣ። ናጋ ናጋ ብለን ሰላም ተባባልን። ከዚያ ቤቱን ሲያሸት ዋለ፤ ወተቱንም፣ ቆዳውንም፣ ልብሱንም። ምን ትፈልጋለህ አልኩት። ‹እዚህ ቤት የሌለ ሽታ› አለኝ። ‹የሞተውን የሚያስታውስ ሽታ ፊትህ ላይ ቀብቼ እንዴት ተጽናና እልሃለሁ?› አለኝ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ለእኔ ሜንቶል ለምን እንደመረጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ነገሩ ከገባኝ በኋላ ደግሞ የባሰው መጣ። እዚያ ቤት የሌለ ሽታ ከየት ይመጣል? ኤርሚያስ ያደገው ቁም ሣጥኑ ሥር ነው። እንጨቱም፣ አበባውም፣ ሎሚውም፣ መድኃኒቱም ለእርሱ አባቱ ናቸው። በዓለም ላይ አባቱን የማያስታውሰው አንድ ሳሙና መኖር አለበት አልኩና መኪናዬን አስነሣሁ።

ወደራ ከተማ ሄድኩ፤ ያገኘሁት ሳሙና ሁሉ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። ቦሬ ወጣሁ። በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ሱቅ ለሱቅ ስዞር አንዱ ባለሱቅ ሳቀብኝ። «የነገሌው አዛውንት ይህን ድሮ ወስደውታል። እንዲያውም ሌላ ሲመጣ አስቀምጥልኝ ብለውኛል» አለኝ። የሞተ ሰው በየከተማው እንዴት ይቀድመኛል? ሞያሌ ወረድኩ። እዚያ የኮኮናት ሽታ ያለው፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሳሙና አገኘሁ። በደስታ ሌሊቱን አልተኛሁም። እየከነፍኩ ነገሌ ገብቼ ኤርሚያስ እጅ ላይ አስቀመጥኩት። አሸተተው። ተነሥቶ ቁም ሣጥኑን ከፈተና በጣቱ አሳየኝ፤ እዚያው ዘሩ መካከል ሁለት ተቀምጠዋል።

ያን ጊዜ አቃተኝ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «ልጄ፣ አባትህ የሌላቸው ሳሙና ፍለጋ ነው ስዞር የሰነበትኩት። የለም። ቦሬ የለም፣ ወደራ የለም፣ ሞያሌ የለም። ሰውዬው አገሩን ጠርገው ነው የሄዱት!» አልኩት።

ኤርሚያስ መጀመሪያ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሲስቅ ገና ያን ቀን አየሁት። እስኪያነባ ሳቀ፤ መካከሉ ላይ ሳቁ ልቅሶ ሆነ፤ እኔም አብሬው ሆንኩ። ሲበቃው ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወንበሩን ወደ ብርሃኑ ሳበ። «በሉ በውኃ ብቻ ላጩኝ» አለኝ።

ጋሽ ዘለቀ፣ እንግዲህ ለእርስዎ ልናገር። ልጅዎ ተላጭቷል። በውኃ ብቻ ነው፤ ምንም ምንም አይሸትም። እጄ እንደ እርስዎ እጅ አይደለምና አገጩ ሥር ቆርጬዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። አልተቆጣኝም። በማግስቱ ክፍል ገብቷል፤ ተማሪዎቹ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉት። አደራዎን ተወጣሁ ብዬ ኮቴን አንሥቼ ልወጣ ስል ግን ልጅዎ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚላጩት?» አለኝ። አገጬን ብዳስሰው የእኔም ጺም እንደ ባሕታዊ ጺም ሆኗል። ስሮጥ አላየሁትም ነበር፤ ለካ እኔም ሐዘንተኛ ነኝ።

ልጅዎ አስቀመጠኝ። ምንም አልጠየቀኝም። ከቁም ሣጥንዎ አንዱን አወጣና ወረቀቱን ፈትቶ አረፋውን ፊቴ ላይ አሳረፈው። እንጨት አይደለም፣ አበባ አይደለም፣ ሎሚም አይደለም። ደስ ይላል፣ ጋሼ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈበትም፤ ኤርሚያስም ስሙን አያውቀውም። «ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?» ልል አፌን ከፍቼ ዞር አልኩ።

እንዲህ ያለውን የምጠይቀው እርስዎን ነበር። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።