እርጥብ ጆንያ

አማቴ ብላጉና ትምባሆ ደረቀ አልደረቀ ለማለት መለኪያ አያስፈልጋቸውም ነበር። ቅጠሉን በሁለት ጣት ይዘው ጆሮአቸው ሥር ያሹታል፤ "ገና ነው" ካሉ ገና ነው። ከስድስት ዓመታቸው ጀምሮ በከተማችን በፕሪሌፕ ሜዳ ትምባሆ ሲለቅሙ፣ በክር ሲሰኩ፣ ሲያደርቁ ኖረዋል። ባላቸው በሞቱ ዓመት እንኳ ምርቱን ብቻቸውን አድርሰው፣ ገዢው አንደኛ ደረጃ ብሎ ተቀብሏቸዋል። ይህን ታሪክ ለእኔ ለምራታቸው በዓመት ሠላሳ ጊዜ ይነግሩኝ ነበር።

ትምባሆው ፈላጊ እያጣ ሲሄድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ለመድኃኒት የሚሆን ካናቢስ ቤት ውስጥ የሚያበቅል ፋብሪካ ተከፈተ። የትምባሆ ሴቶች እጅ ይፈለጋል ተባለና ሁለታችንም ገባን። አማቴ በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋዋን ለብሰው መስታወት ፊት ቆሙና "በስተርጅና ሐኪም ሆንኩ፤ በሉ ተሰለፉ!" ብለው አሳቁን።

የእኛ ሥራ አበባውን ከቅጠሉ ማጽዳት ነው። የእርጥበቱ ጉዳይ የክርስቴ ነበር። ክርስቴ ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖር ጎረቤታችን ነው፤ አርባን የተሻገረ፣ ቀልደኛ፣ ማሽኖቹን ግን እንደ አራስ የሚጠብቅ ሰው። ተክሉ ለጋ ሲሆን እርጥበት ይወዳል፤ አበባ ሲይዝ ይቀነስለታል፤ ታጭዶ ሲሰቀል ደግሞ የማድረቂያው ክፍል እርጥበት ከስልሳ በመቶ እንዳያልፍ ቀን ከሌት ይጠበቃል።

አማቴ በዚህ አይስማሙም።

"አንተ ክርስቴ፣ ይኼ እኮ አለቀለት! ስነካው ይንኮሻኮሻል።"

"ላዩ ነው እትዬ ብላጉና። ልቡ ገና ውሃ ነው። ትምባሆ ስስ ቅጠል ነው፤ ይኼ ድፍን አበባ ነው።"

"እኔ ሳደርቅ አንተ አልተወለድክም።"

"እሱስ እውነት ነው። መለኪያው ደግሞ ከእኔም ያንሳል፤ ልጅ ስለሆነ አይዋሽም።"

እኛ ዘንድ ትምባሆ ከልክ በላይ ደርቆ ሊፈረፈር ሲል ምድር ቤት ውስጥ እርጥብ ጆንያ ይሰቀልለታል። ቅጠሉ ሲያድር ይለሰልሳል። ይህን የማያውቅ የፕሪሌፕ ሰው የለም። የካቲት መጀመሪያ ላይ አንድ ጠዋት ትሪ ላመጣ ወደ ማድረቂያው ክፍል ስገባ፣ አማቴ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆመው ሦስት ጆንያ አበባው ሥር እየሰቀሉ ነው። አንደኛውን እኔ ራሴ በሰማያዊ ክር የጣፍኩት ነበር። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። በአማት ነገር ማን ይገባል ብዬ ትሪዬን ይዤ ወጣሁ።

አራት ቀን እንዲሁ አደረጉ። አራት ቀን ሙሉ ክርስቴ የእርጥበቱ ቁጥር ለምን ከፍ እንደሚል ግራ ገብቶት ማሽኑን ሲፈታና ሲገጥም ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን አንዷ ሴት አበባ ስትገምስ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ሆኖ ተገኘ። ሌላውም እንዲሁ። የክፍሉ ምርት በሙሉ እንዲቃጠል ተወሰነ። ጆንያዎቹ ግን በዋዜማው በአማቴ ካፖርት ሥር ወደ ቤት ተመልሰው ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ሰበሰበችን። ክርስቴ ፊቱ ቀልቶ "ማሽኑ ጤነኛ ነው" አለ። "ውሃ ያስገባ ሰው አለ። ከእነዚህ ከትምባሆ ሴቶች አንዷ ናት!"

አማቴ ብድግ አሉ። "የስልሳ ዓመት እጄን ነው የምትሰድበው? ለራስህ ስንፍና ሴት ታሳብባለህ? አታፍርም?"

ሴቶቹ አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ክርስቴ በዚያው ቀን ተባረረ።

ከዚያ በኋላ አማቴ የአንደኛ ደረጃውን ታሪክ መንገር ተዉ። ክርስቴ በገበያው መንገድ ያለ መኪና ማጠቢያ ገብቶ በዚያ ብርድ ውሃ ሲረጭ ስለሚውል፣ ገበያ ሲሄዱ በቤተ ክርስቲያኑ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእሳቸውን ግን አረቄም አላወጣው። እኔም የክርስቴን ሚስት ዳቦ ቤት ሳገኛት ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እርስ በርሳችን ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላልንም።

የይቅርታ እሑድ ደረሰ። ጾሙ ሊገባ ሲል ታናሽ የታላቁን እጅ ስሞ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ብርቱካንና ሃልቫ የሚሉትን ጣፋጭ የያዘ ክርስቴ ነበር። ብርቱካኑን ለእኔ ሰጠኝና አማቴ ፊት ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ።

"ይቅር ይበሉኝ እትዬ። ያን ቀን በንዴት የሴቶቹን ስም አጠፋሁ። እርስዎን ያህል ሰው።"

ለዚህ መልሱ አንድ ነው፤ "እኔም እግዜርም ይቅር ብለንሃል" ይባላል። አማቴ ግን እጃቸውን አስለቅቀው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሲመለሱ ሰማያዊ ክር ያለበትን ጆንያ ይዘው ነበር። ጉልበቱ ላይ አኖሩለት።

"እኔ ነኝ" አሉ። "አርጥቤ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ይለስልስ ብዬ ነው። ሲበላሽ ደግሞ አንተን ሰደብኩ።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው እጁን ሳሙት። ታላቅ የታናሹን እጅ ሲስም በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ክርስቴ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ሳበ።

"ማሽኑን እኮ ሦስቴ ፈታሁት" አለ ጆንያውን እያገላበጠ። "ሦስቴ! በመጨረሻ ጥፋቱ የራሴ ነው ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር።"

"ነገ በጠዋት ሄጄ ለሥራ አስኪያጇ እነግራታለሁ።"

"ሌላ ያየ ሰው ነበር?"

አማቴ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም። "ማንም አላየም" አሉ።

እኔ ብርቱካኑን እንደታቀፍኩ ነኝ። ክርስቴ ይቅርታውን ሰጣቸው። ሊሄድ ሲነሳ በር ድረስ ሸኘሁት። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ ስለዚህ ወጉ እኔንም ይመለከታል። እጁን ስሜ "ይቅር በለኝ ክርስቴ" አልኩት።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። "አንቺ ደግሞ ምን በደልሽኝ?"

"ወግ ነው" አልኩት።