ሲመጣ አይመታም

ባሌ በሞተ በዓመቱ፣ አዳማ ቤቴ በር ላይ አንድ ቡችላ አግኝቼ አስገባሁት። ሲያድግ አስቸገረኝ፤ በሩ ሲከፈት ውልቅ ብሎ ይሄዳል፣ ብጠራው ዞር ብሎ እንኳ አያይም። የባሌ ታላቅ ወንድም ከሁሩታ ሊጠይቁኝ በመጡ ቁጥር በሰንሰለት እሰሪው ይሉኛል። ውሻ ካልታሰረና ካልተመታ አይሰማም ባይ ናቸው። እኔ ዕድሜዬን በአስተማሪነት የፈጀሁ ሴት ነኝ። ዱላ ልጅን ዝም ሲያሰኝ እንጂ ሲያስተምር አላየሁም። አላስረውም አልኳቸው።

«ና» ብዬ እንዳልጠራው፣ ግቢው ውስጥ ልጆች ቀኑን ሙሉ «ና» ይባላሉ፤ ቃሉን ከመስማት ብዛት ንቆታል። ስለዚህ በኦሮምኛ «ኮቱ» ማለት ጀመርኩ። ለማስተማሪያ ረጅም ገመድ አንገቱ ላይ አድርጌ አንዴ ብቻ እጠራለሁ፤ ከመጣ ቁራሽ ሳንባ አጎርሰዋለሁ። ካልመጣ ገመዱን ቀስ አድርጌ እስባለሁ፤ ሲደርስ ያው ሳንባ ነው። ሁዳዴ ገብቶ የኛ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ከሙስሊሞቹ መግዛት ያዝኩ። የምቀቅለው ሳንባ ሽታ ግቢውን ሲሞላው ጎረቤቶቼ ጾም ገደፈች ብለው አሙኝ። ላስረዳቸው አልሞከርኩም፤ ድስቴን በረንዳ ላይ አውጥቼ መቀቀሌን ቀጠልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ገመዱን ፈታሁለት። አንድ ቀን የባሌ ወንድም መጥተው ሳሉ የፍየል መንጋ በበራችን ሲያልፍ፣ ውሻዬ ተፈትልኮ ወጣ። ፍየሎቹ ተበተኑ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ሰው ድንጋይ አነሳ። ተከትዬው ወጥቼ ቁጢጥ አልኩና አንዴ «ኮቱ» አልኩ። ቆመ። ፍየሎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እየሮጠ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ተለጠፈ።

የባሌ ወንድም ከዘራቸውን ዘረጉልኝ። «በይ አሁን ምቺው፤ ጥፋቱን ይወቅ» አሉ።

«ጋሼ፣ ስጠራው መጣ እኮ። ሲመጣ ከተመታ ነገ ለምን ይመጣል?»

«ሰው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል» አልኳቸው።

እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። ከዘራውን ሳልቀበል፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ከኪሴ ሳንባ አውጥቼ አጎረስኩት። ከዚያ ባለ ፍየሉን ይቅርታ ጠየቅኩ፤ መንጋው ሙሉ ስለነበር ስቆ መንገዱን ቀጠለ።

እሳቸው ግን ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። ለሁለት ወር ድምፃቸው ጠፋ። ኋላ ደውለው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱ ጠየቁኝ። ስለ ውሻው ሳይጠይቁኝ እኔው ነገርኳቸው። ደህና ነው፣ ስጠራው ይመጣል አልኩ።