ለፍርድ ቤት የተጠረገ መንገድ

ሐሚዳን በደንብ አውቃታለሁ ብዬ አልጀምርም። ለዓመታት ሱሪዬን አሳጥራልኛለች፣ ያለቀ የሸሚዝ ኮሌታዬን ገልብጣ ሰፍታልኛለች፤ የትውልድ መንደሯን ስም ግን እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም። ስልጤ መሆኗን የሰማሁትም ከሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ አካባቢ «እርስዎ» ስላት፣ «ተው እባክህ አታስረጀኝ፣ ወገቤ ይበቃኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «አንቺ» እላታለሁ። ከዚህ በላይ የቀረብኳት አይመስለኝም። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና ራሷ የነገረችኝን ብቻ ነው፤ ያልነገረችኝ ሳይበዛ አይቀርም።

ቤቷ ከሀና ማርያም አልፎ ወደ ፉሪ መውረጃው ላይ ነው። ከዋናው መንገድ አይታይም። በሁለት አጥሮች መካከል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ በእሷ ገብቶ መጨረሻው የሐሚዳ በር ነው። ከቤቷ ጀርባ ያለው ወደ ወንዙ የሚወርድ ገደል ነው። ያቺ መተላለፊያ ከተዘጋች ሐሚዳ መውጫ የላትም፣ ልብስ የሚያሰፉ ሴቶችም መግቢያ የላቸውም። ፍርድ ቤት ያደረሳትም ይኸው ነው።

ወጣት ሳለች ልብስ ፋብሪካ ተቀጥራ ሠርታለች። ልጆቿ አግብተው ሲወጡና ባሏ ሲሞት በረንዳዋ ላይ የስፌት መኪና ተክላ ለራሷ መስፋት ጀመረች። ሐሚዳ ስትቀመጥ እግሯ አይቀመጥም። ሻይ ስትጠጣ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ፣ ታክሲ ላይ፣ ቀኝ እግሯ የሌለ ፔዳል ይረግጣል። አንድ ቀን ከሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አብረን ታክሲ ተሳፍረን ሳለ ረዳቱ፣ «እናት፣ ሹፌሩ ሌላ ሰው ነው፤ ፍሬኑን ይልቀቁለት» ብሎ ሰዉን ሁሉ አስቋል። እሷም ሳቀች፤ እግሯ ግን አልቆመም።

ከመተላለፊያዋ በስተቀኝ ያለው ግቢ የእስጢፋኖስ ነው። በወጣትነቱ ከወላይታ መጥቶ በቀን ሥራ የጀመረ፣ አሁን የግንባታ ዕቃ መሸጫ ያለው፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው። ክፉ ሰው ነው ማለት አልችልም። የሚስቱ ስም ፅጌረዳ ነው። በአጥራቸው ላይ ወደ መተላለፊያዋ የምትከፈት ትንሽ የቆርቆሮ በር ነበረች፤ ፅጌረዳ በእሷ ወጥታ ሐሚዳ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች። በቤተ ክርስቲያን የምትዘምርበት የኳየሩ ቀሚስ እዚያ ይለካል፣ ወሬው እዚያ ያልቃል። ረመዳን ሲሆን ፅጌረዳ የማፍጠሪያ ቴምር ይዛ ትመጣለች። ለገና የልጆቿን ልብስ የምትሰፋው ሐሚዳ ናት። እኔ ሱሪዬን ይዤ ስሄድ ብዙ ጊዜ ሁለቱን እየተሳሳቁ አገኛቸው ነበር፤ ሲያዩኝ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ደግሞ በዝምታቸው ይስቃሉ።

እስጢፋኖስ በግቢው ጠርዝ ሱቆች ሊሠራ አስቦ ይዞታውን ሲያስለካ፣ ወረዳው መተላለፊያዋን ጨምሮ ለካለት። ለሐሚዳ የነገራት ማንም የለም። ያወቀችው አንድ ጠዋት ግንበኞች ሲባጎ ሲወጥሩ ነው።

«ምንድን ነው የምትለኩት?» አለቻቸው።

«አጥር ነው እናቴ።»

«በየት በኩል?»

«በቆሙበት።»

ወረዳው ሄደች። ውሳኔው አልቋል፣ ካርታው ወጥቷል አሏት። ቅሬታ አቀረበች፤ እሱም ውድቅ ተደረገ። እስጢፋኖስን ራሱን መንገድ ላይ አግኝቼ በፍርሃትም ቢሆን ነገሩን አነሳሁለት። «ወንድሜ፣ እኔ ሰርቄ ነው? የሰጠኝ መንግሥት ነው» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ሐሚዳ መኪና የላት፣ መንገድ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

ነፃ የሕግ ድጋፍ ከሚሰጡ ጠበቆች አንዷ፣ ዶርቃ የምትባል ፈጣን ወጣት፣ ጉዳዩን ያዘችላት። አቤቱታው ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀረበ። ሐሚዳ አመልካች ተባለች፣ ወረዳው አንደኛ ተጠሪ፣ እስጢፋኖስ ሁለተኛ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ለምን እኔን እንደጠራች አላውቅም፤ ምናልባት ብዙ ስለማልናገር ይሆናል።

ኮሪደሩ በሰው ተሞልቶ ነበር። ሐሚዳ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ በር ላይ የተለጠፈውን የመዝገብ ቁጥር ታያለች፣ ትመለሳለች። አግዳሚው ላይ የነበሩ አንድ አዛውንት አዘኑላት።

«ስንተኛ ቀጠሮሽ ነው ልጄ?»

«የመጀመሪያዬ ነው አባባ።»

«አይ፣ ጨቅላ ነሽ! የእኔ ክስ እኮ ሚስት ቢያገባ ኖሮ የልጅ አባት ሆኖ ነበር።»

ችሎት ገብተን ከኋላ ተቀመጥን። ዳኛዋ ሌላ ፋይል እያነበቡ ድንገት ቀና አሉ። «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» የሐሚዳ እግር ነበር። ዶርቃ ዞራ ጉልበቷን ያዝ አደረገችላት።

የእሷ ተራ ሲደርስ ዳኛዋ ነገሩን በቀላል ቃል አስረዷት። «እናቴ፣ በዚህ መዝገብ መሬቱ የእርስዎ ነው ወይም የእሳቸው ነው ብለን አንወስንም። የምንመረምረው ወረዳው ውሳኔውን ሲሰጥ እንደ ሕጉ ሠርቷል ወይ የሚለውን ነው። የሚነካዎትን ነገር ሲወስን ጠርቶዎታል? ሰምቶዎታል?»

«ማን ይጠራኛል? ሲባጎ ነው የጠራኝ» አለች ሐሚዳ።

ጸሐፊዋ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ዳኛዋ አልሳቁም፤ ያለችውን ግን አስመዘገቡ። ነገሩ እስኪወሰን ግንቡ እንዳይሠራ የእግድ ትእዛዝ ሰጡ፤ እግዱ ይጽና ወይም ይነሳ ለማለት ደግሞ ሌላ መውጫ መኖር አለመኖሩን ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ አይቶ እንዲያስረዳ አዘዙ።

ሐሚዳ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ስህተት ከተባለ።

«ፍርድ ቤት ቤትሽ ይመጣል» ሲሏት የሰማችው «እንግዳ ይመጣል» የሚለውን ነው። በመተላለፊያዋ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የተነጠፉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ፤ የስንት ዓመት እግር መሃላቸውን አጎድጉዶ አለስልሷቸዋል። ዝናብ ሲዘንብ እንደ ሳህን ውሃ ይይዛሉ። የፅጌረዳ የቆርቆሮ በር ሥር ያለው በተለይ ያብረቀርቅ ነበር። ሐሚዳ እነዚህን ድንጋዮች አየችና አፈረች። አረሙን ነቀለች። ሰሌክት የሚሉትን ቀይ ጠጠር በጋሪ አስመጥታ አስደለደለች፣ ድንጋዮቹ ጠፉ። ግድግዳውን ኖራ ቀባች። በሯ ሥር የሲሚንቶ ደረጃ አሠራች።

ባለሙያው ከችሎቱ ሠራተኛ ጋር መጣ። የወረዳው ነገረ ፈጅም አለ፣ እስጢፋኖስም፣ ዶርቃም። እኔ ከዳር ቆሜያለሁ። ባለሙያው ወደ ገደሉ ሄዶ አየ፣ ሌላ መውጫ አለመኖሩን ጻፈ። እስከዚህ መልካም ነበር። ከዚያ ቀዩን ጠጠር በጫማው ጫፍ ነካ አደረገ።

«ይሄ መንገድ መቼ ነው የተሠራው?»

«ትናንት!» አለች ሐሚዳ። ኩራት ነበረባት። «ትናንት አስጨረስኩት።»

ዶርቃ ዓይኗን ጨፈነች። ነገረ ፈጁ ግን ፊቱ በራ። «ይመዝገብልኝ። መንገዱ የትናንት መሆኑን አመልካቿ በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል።»

«ጠጠሩ ነዋ የትናንት! መንገዱማ...» ሐሚዳ ዞር ብላ ሁላችንንም አየችን። «እንግዳ ሲመጣ አይጠረግም እንዴ? እናንተ ቤት አይጠረግም?»

ባለሙያው ወደ ቆርቆሮዋ በር ተጠጋ። «ይቺስ ወዴት ነው የምትከፈተው?»

«ዝግ ናት» አለ እስጢፋኖስ ፈጠን ብሎ። «አትከፈትም።»

እውነቱን ነው፤ ክሱ ከተጀመረ ወዲህ ከውስጥ በሚስማር ተመትታ ነበር። ከበሯ ጀርባ ግን የሰው ኮቴ ሰማን። አንድ ሰው እዚያ ቆሞ ነበር፣ ሲጠጉ ራቅ አለ። ዶርቃ ሐሚዳን ዓይን ዓይኗን አየቻት፤ ተናገሪ፣ ማን ይወጣባት እንደነበር ንገሪው፣ የሚል አስተያየት ነው። ሐሚዳ በሯን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የተበተነውን ጠጠር በእጇ ትደለድል ጀመር። ባለሙያው «ዝግ በር» ብሎ ጻፈ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ዶርቃ በረንዳው ላይ ፈነዳች።

«እትዬ ሐሚዳ፣ እየረዳሁሽ ነው ወይስ እየተጣላሁሽ? በዚህ መንገድ ከማንም በላይ የተመላለሰችው ፅጌረዳ ናት አላልሽኝም? ምስክር አድርገን እናስመዝግባት። ክርስቲያን ናት፣ ቃለ መሐላ ፈጽማ አትዋሽም።»

«ሌላ ፈልጊ።»

«ሌላ ማን አለ? ደንበኞችሽን ብጠራ ‹ወዳጆቿ ናቸው› ይሉኛል። እሷ ግን የባለጋራሽ ሚስት ናት። የእሷ አንድ ቃል የሃያ ሰው ነው።»

«ሌላ ፈልጊ አልኩሽ እኮ ልጄ። መስክራ የምትገባው እሱ ቤት ነው።» መኪናዋ ላይ ጨርቅ ሳይኖር ፔዳሉን ረገጠች። መርፌው ባዶውን ወጣ ወረደ።

የሚቀጥሉት ወራት ለእሷ እንዴት እንዳለፉ በሚገባ መናገር አልችልም። ሳያት ወይ መተላለፊያዋን እየጠረገች ነው፣ ወይ ደጃፏ ላይ ቆማ ወደ ዋናው መንገድ እያየች። የሰፋችውን ፈታ መልሳ ትሰፋለች። አንድ ጊዜ የእኔን ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው አሳጥራ ሰጠችኝ። ለመናገር አፍሬ ወስጄው ስሄድ፣ ራሷ ከኋላዬ እየሮጠች መጥታ ነጠቀችኝ። «አንተ ደግሞ ዝም ትላለህ? አንካሳ አድርጌህ ልትሄድ ነው?»

ውሳኔው በተነበበ ዕለት እስጢፋኖስም ችሎት ነበር፤ ብቻውን ከፊት ተቀምጧል። ዳኛዋ በፍጥነት አነበቡ። ወረዳው አመልካቿን ሳይጠራና ሳይሰማ የመተላለፊያዋን ቦታ ለሁለተኛ ተጠሪ መስጠቱ ከሥነ ሥርዓት ውጭ ስለሆነ ውሳኔው ተሽሯል። ወረዳው ሁለቱን ወገኖች ጠርቶ፣ ምስክሮቻቸውን ሰምቶ፣ ቦታውን ራሱ አይቶ እንደገና ይወስን። እስከዚያ እግዱ እንዳለ ይቆያል።

ሐሚዳ ዶርቃን በሹክሹክታ ጠየቀቻት። «አሸነፍኩ?»

«አዎ።»

«መንገዱ የእኔ ሆነ?»

«አልሆነም። ሳይሰሙሽ የወሰኑት ነው የፈረሰው። አሁን ይሰሙሻል፣ ከዚያ እንደገና ይወስናሉ። ዛሬ የተዘጋም የለም፣ የተሰጠሽም የለም።»

«እና እንደገና ወረዳ?»

«እንደገና ወረዳ። ያ ‹የትናንት መንገድ› የሚለው ቃልም ከመዝገቡ ተገልብጦ ይከተለናል። ምስክር ያስፈልገናል። ጠንካራ ምስክር።»

እስጢፋኖስ በአጠገባችን ሲያልፍ ቆም አለ። «እንኳን ደስ አለሽ እህቴ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

«አብረን» አለችው። ሌላ ምን ይባላል።

ከሦስት ቀን በኋላ ያንን የነጠቀችኝን ሱሪ ልወስድ ሄድኩ። የቆርቆሮዋ በር አሁንም በሚስማር እንደተመታች ናት። ከላይዋ ባለው ሽቦ ላይ ግን ፌስታል ተንጠልጥሏል። ሐሚዳ ከውስጥ ስታየኝ፣ «እግረ መንገድህን አምጣልኝ» አለችኝ። አወረድኩት። ውስጡ ሰማያዊ የኳየር ቀሚስ ነበር፣ ጫፉ በስፒል ተይዞ የሚያጥርበት ቦታ ምልክት ተደርጎበታል። ወረቀት የለው፣ መልእክት የለው።

ሐሚዳ ቀሚሱን ዘረጋች፣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካች፣ የተወጠረውን የወገቡን ስፌትም አየች። «ወፍራለች» አለች ለራሷ። «ወገቡንም ልልቀቅላት።» ሳትለካት በዓይኗ ብቻ ገምታ ወገቡን በመቀስ ጫፍ ፈታታችው፣ መኪናው ሥር አስገባችው።

ወረዳው ለሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱንም ጠርቷቸው ነበር። ምስክር ይዛችሁ ኑ ተብለዋል። ዶርቃ በዚያው ጠዋት ደውላ እንደነበር ሐሚዳ ራሷ ነግራኛለች፣ ምን እንዳለቻት ግን አልነገረችኝም። እኔ መጠየቅ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ጥያቄው አፌ ላይ መጥቶ አልመለስ አለኝ።

«ሐሚዳ፣ ወረዳ ስትሄጂ ፅጌረዳን ትጠሪያታለሽ?»

እግሯ ቆመ። ካወቅኳት ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። መርፌው ቀሚሱ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ከአጥሩ ወዲያ የሰሃን ድምፅ ይሰማል፣ አንዲት ሴት ልጇን ትቆጣለች።

«ሱሪህ መንጠቆው ላይ ነው» አለችኝ። «አሁን እኩል ነው። ለክተህ እየው።»